ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የወጣው ጋኔን፦ የሠዓሊው ሚካይል ቭሩቤል ሕይወትና ሥራ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት በአውሮፓ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ሥዕል ውስጥ የተነሣው ሲምቦሊዝም፣ በአማርኛ ተምሳሌታዊነት ሊባል የሚችለው ንቅናቄ፣ ዓይን የሚያየውን እንዳለ መቅዳት የጥበብ ፍጻሜ አይደለም ከሚል አቋም የመነጨ ነበር። ባለቅኔው ዣን ሞሬያስ እ.ኤ.አ. በ1886 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «ለ ፊጋሮ» በተባለው የፓሪስ ጋዜጣ ላይ የንቅናቄውን መግለጫ ካወጣ ወዲህ ስሙ የጸና ሲሆን፣ የንቅናቄው ተከታዮች በሸራ ላይ የሚታየው ሰው፣ አበባ ወይም ተራራ ከራሱ አልፎ አንድን የነፍስ ሁኔታ እንዲጠራ ይሹ ነበር። ለአማርኛ አንባቢ ነገሩን ከሰምና ወርቅ ጋር ማነጻጸር ይቀልላል፤ ልዩነቱ ሰምና ወርቅ በተፈታ ጊዜ ወርቁ ቁርጥ ብሎ መታወቁ፣ የሲምቦሊስቶቹ ወርቅ ግን ሆነ ተብሎ ሳይፈታ መተዉ ነው።

ከዚህ ንቅናቄ ሠዓሊዎች መካከል በሩሲያ ከፍተኛውን ስፍራ የያዘው ሚካይል አሌክሳንድሮቪች ቭሩቤል ነው። ስለ እሱ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገሮች ይቀድማሉ፤ አንዱ ደጋግሞ የሣለው ጋኔን ሲሆን ሌላው በመጨረሻዎቹ ዓመታት የደረሰበት የአእምሮ ሕመም ነው፤ ሁለቱንም አስተሣሥሮ ሥዕሉን የሕመሙ ፍሬ አድርጎ ማቅረብም የተለመደ ነው። የሥራዎቹን ቅደም ተከተል በጥንቃቄ የተከተለ ሰው ግን ከዚህ የተለየ ነገር ያገኛል፤ ጋኔኑ የተወለደው ሕመሙ ከመታየቱ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ቭሩቤል የአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንን ግድግዳ በሚያድስበት ወቅት ሲሆን፣ ዓይኑንም ሆነ የፊቱን ቅርጽ የወረሰው ሠዓሊው ለመላእክትና ለእመቤታችን ከሣላቸው ፊቶች ነው።

ቭሩቤል በመጋቢት 1856 በሳይቤሪያዋ የኦምስክ ከተማ ተወለደ። አባቱ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የሕግ ባለሙያ የነበረ፣ የዘር ሐረጉ ከፖላንድ የሚመዘዝ መኮንን ሲሆን፣ የቤተሰቡ መጠሪያም በፖላንድ ቋንቋ ድንቢጥ ማለት ነው። እናቱ የሞተችው እሱ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ነበር፤ አባቱ ኋላ ያገባት ሴት ጥሩ የፒያኖ ተጫዋች ስለነበረች ልጁ በሙዚቃ መካከል አደገ። ከሁሉም ይልቅ ግን የቀረበችው ታላቅ እኅቱ አና ነበረች፤ ስለ ሥራው ያሰበውን ዛሬ ማወቅ የተቻለው በአብዛኛው ለእሷ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ነው። የአባቱን ፈለግ ተከትሎ በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ካጠና በኋላ፣ በ1880፣ ብዙዎች ትምህርት በሚጨርሱበት ዕድሜ፣ በከተማዋ የሥነ ጥበብ አካዳሚ እንደ አዲስ ተማሪ ተመዘገበ።

በአካዳሚው ያስተማረው ፓቬል ቺስቲያኮቭ ለቭሩቤል ሥራ መለያ የሆነውን ነገር የሰጠው መምህር ነው። የቺስቲያኮቭ ትምህርት ፊትም ሆነ እጅ በአንድ ለስላሳ መስመር መከበብ የለበትም፣ ይልቁንም ብርሃን በተለያየ አቅጣጫ ከሚያርፍባቸው ትናንሽ ገጾች የተገጣጠመ አካል ሆኖ መታየት አለበት፣ ሠዓሊውም እያንዳንዱ ገጽ ከጎረቤቱ የሚገናኝበትን ስፌት ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል የሚል ነበር። ሌሎች ተማሪዎች ይህን እንደ መለማመጃ ተጠቅመውበት ሥዕሉ ሲያልቅ ሲሸፍኑት፣ ቭሩቤል ስፌቶቹን ሳይሸፍን ተዋቸው። በኋለኞቹ ሥራዎቹ ላይ ሰማዩ፣ ልብሱና ሥጋው ሁሉ እንደ ተሰበረ የከበረ ድንጋይ በገጽ በገጽ የሚያብረቀርቀው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ተመልካቾች የትኩሳት ቅዠት የመሰላቸው ነገር መነሻው የክፍል ውስጥ ሥርዓት ነበር ማለት ነው።

በ1884 የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ አድሪያን ፕራሆቭ በኪዬቭ የሚካሄደውን የቅዱስ ቄርሎስ ቤተ ክርስቲያን እድሳት የሚረዳው ወጣት ሠዓሊ ሲፈልግ ቺስቲያኮቭ ቭሩቤልን መረጠለት፤ ቭሩቤልም ትምህርቱን ሳይፈጽም ወደ ኪዬቭ ሄደ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸው ይህ ቤተ ክርስቲያን የተሰየመው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ድርሳኑ «ቄርሎስ» ተብሎ በሚታወቀው በእስክንድርያው ፓትርያርክ ስም ነው። ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎቹ ከኖራ ልስን ሥር ተገልጠው በከፊል ጠፍተው ስለነበር፣ ቭሩቤል ከከተማዋ የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋር ሆኖ የደበዘዘውን ማደስ፣ ጨርሶ በጠፋው ቦታ ደግሞ አዲስ መሣል ነበረበት።

አዲስ ከሣላቸው መካከል ታላቁ በፎቁ የመዘምራን ስፍራ ጣሪያ ላይ የሚገኘው የመንፈስ ቅዱስ መውረድ፣ ማለትም የበዓለ ጰራቅሊጦስ ሥዕል ነው። ሐዋርያት እመቤታችንን መካከል አድርገው የጣሪያውን ቅስት ተከትለው በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፤ ከላይ የሚወርደው ጨረር በእያንዳንዳቸው ራስ ላይ ያርፋል። የአቀማመጡ ሥርዓት ጥንታዊውን የባይዛንታይን፣ ማለትም የምሥራቁን የሮም መንግሥት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ የጠበቀ ነው፤ ፊቶቹና እጆቹ ግን የዚያ ወግ አይደሉም። አንዱ እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ ሲጨብጥ ሌላው እጁ ጉልበቱ ላይ ወድቆበታል፤ ዓይኖቻቸው ከልክ በላይ ተከፍተው የሆነባቸውን ገና ያላወቁ ሰዎች ዓይን ይመስላሉ። በሥዕሉ የተገለጠው ደስታ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ዐቅም በላይ የሆነ ነገር ድንገት ሲመጣ የሚያሳድረው ድንጋጤም አለበት፤ ቭሩቤል ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ሙሉ የሣለው ይህንኑ ድንጋጤ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ቤተ መቅደሱን ከምእመናን መቆሚያ ለሚለየው የዕብነ በረድ ግድግዳ የሚሆኑትን አራት ሥዕሎች፣ የጌታችንን፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱስ ቄርሎስንና የቅዱስ አትናቴዎስን፣ ለመሥራት ደግሞ ወደ ቬኒስ ተላከ፤ የ1884ን መጨረሻና የ1885ን መጀመሪያ እዚያው ሲያሳልፍ በዚንክ ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም ሣላቸው፤ ከሥራው ጎን ለጎንም የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራልን ሞዛይኮች አጠና። ሞዛይክ ጥቃቅን የመስታወትና የድንጋይ ቁራጮችን በመደርደር የሚሠራ ሥዕል ሲሆን፣ ቁራጮቹ እኩል ስለማይቀመጡ ብርሃኑ በእያንዳንዱ ላይ በተለየ መንገድ ይሰበራል። ከመምህሩ የተማረው የገጾች ሥርዓትና የሞዛይኩ ብልጭታ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። ከቬኒስ ይዞት የተመለሰው የእመቤታችን ሥዕል ሕፃኑን በጭንዋ ይዛ በዙፋን የተቀመጠች ሴት ሆና ያሳያታል፤ ወርቃማው መደብና የልብሱ መጎናጸፊያ እንደ ወጉ ቢሆኑም፣ ወደፊት የሚመጣውን ያወቁ የሚመስሉት ከባድና ሐዘንተኛ ዓይኖቿ የአንዲት በሕይወት ያለች ሴት ነበሩ። ሴቲቱ ቭሩቤል ያለ ተስፋ ያፈቀራት የፕራሆቭ ሚስት ኤሚሊያ ነበረች፤ የሚያውቋት ሁሉ ፊቷን በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ለዩት።

የጋኔኑ ሐሳብ የተጠነሰሰውም በእነዚሁ የኪዬቭ ዓመታት ነው። በ1886 አባቱ ሊጠይቀው መጥቶ የተጀመረውን ሸራ ሲያይ አልወደደውም፤ የታየው ክፉና የማታምር በዕድሜ የገፋች ሴት ነበረች። ቭሩቤል ራሱም በሥራው ስላልረካ አጠፋው። በተከታዩ ዓመት ለአዲሱ የቅዱስ ቭላዲሚር ካቴድራል የልቅሶን ሥዕል፣ ማለትም እመቤታችን በልጅዋ በድን ላይ ስታለቅስ የሚያሳየውን ትርእይት፣ በውሃ ቀለም በተለያየ አኳኋን ነድፎ አቀረበ፤ ከንድፎቹ አንዱም ወደ ግድግዳ አልተሸጋገረም፤ ዋናው ሥራ ለሌሎች፣ በተለይም ለቪክቶር ቫስኔትሶቭ ሲሰጥ ለእሱ የደረሰው የጌጥ ሐረግ መሣል ብቻ ነበር። ዛሬ በኪዬቭ ቤተ መዘክር የሚገኙትን እነዚያን ንድፎች ላየ ሰው ካቴድራሉ ያጣው ምን እንደሆነ አይሰወረውም።

ለመሆኑ «ዴሞን» ምንድን ነው? በሩሲያ ንባብ ውስጥ ቃሉ ወዲያው የሚያስታውሰው የባለቅኔው ሚካይል ሌርሞንቶቭን ረዥም ግጥም ሲሆን፣ ግጥሙ ከሰማይ የተጣለ አንድ ብቸኛ መንፈስ በካውካሰስ ተራሮች ላይ ሲንከራተት ታማራ የተባለችውን የጆርጂያ ልዕልት አፍቅሮ በፍቅሩ እንደሚያጠፋት ይተርካል። ቭሩቤል ከግጥሙ ቢነሣም ሐሳቡን ለይቶ አስረድቷል፤ እሱ የሚሥለው መንፈስ ከክፋት ይልቅ ሥቃይና ሐዘን የበዛበት፣ ሆኖም ኃያልና ግርማ ያለው ነው። ሰዎች ዲያብሎስንና ዴሞንን መለየት እንዳቃታቸው፣ የቃሉ የግሪክ ምንጭም ነፍስ ማለት እንደሆነ ደጋግሞ ይናገር ነበር። በአማርኛ «ጋኔን» ከማለት የተሻለ የተለመደ ቃል ባይገኝም፣ ቃሉ ከጠበልና ከመስቀል ፊት የሚጮኸውን ርኩስ መንፈስ ብቻ ስለሚያሳስብ ሠዓሊው ካሰበው በእጅጉ ይርቃል፤ ለጥንቱ የግሪክ ቃል ይልቅ የሚቀርበው ሰው ላይ የሚያድረው፣ የሚጠብቀው፣ ሲርቀውም ሰውየውን ባዶ የሚያደርገው «ውቃቢ» ሳይሆን አይቀርም።

በ1889 ወደ ሞስኮ ተሻግሮ በባቡር ሐዲድ ሥራ የበለጸገውና ሠዓሊዎችን በዙሪያው ይሰበስብ የነበረው ሳቫ ማሞንቶቭ ጥላ ሥር ከገባ በኋላ፣ በ1890 በማሞንቶቭ ቤት ውስጥ «የተቀመጠው ጋኔን» የተባለውን ሥዕል ፈጸመ። ከሁለት ሜትር በላይ በሚረዝመው አግድም ሸራ ላይ ደረቱ የተራቆተ፣ ወገቡ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የጠመጠመ ጡንቸኛ ወጣት በተራራ ጫፍ ተቀምጦ ጉልበቶቹን በክንዶቹ አቅፏል፤ የተቆላለፉት ጣቶቹ ይህን ሁሉ ጉልበት ምንም ሳይሠራበት አሥረው ይዘውታል። ሸራው ወደ ጎን ሰፊ ወደ ላይ ግን አጭር በመሆኑ የራሱ ጫፍ ከላይኛው ጠርዝ ጋር ተጣብቋል፤ ተነሥቶ ልቁም ቢል ቦታ የለውም። ከጀርባው ፀሐይ ስትጠልቅ የሚታየው ብርቱካናማና ወይን ጠጅ ሰማይ ከሩቅ ብርሃን፣ ከቅርብ በቀለም ቢላ የተመቱ የቀለም ጡቦች ነው፤ በስተቀኝ ያሉት ትልልቅ አበቦችም ሥጋ የሌላቸው፣ ከድንጋይ የተፈለፈሉ ይመስላሉ። ክንፍ፣ ቀንድ ወይም ጅራት አይታይም። ወደ ጎን የሚያየው ፊት ከቅዱስ ቄርሎስ ግድግዳ ለተመለሰ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ ዓይኖቹ ያው የሐዋርያቱና የእመቤታችን ዓይኖች ናቸው።

ባለቅኔው የሞተበትን 50ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ1891 በታተመው የሌርሞንቶቭ ድርሳኖች እትም ውስጥ የገቡት የቭሩቤል ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ለብዙ ሰው የመጀመሪያ መተዋወቂያ ሆኑ፤ የዘመኑ ሐያስያን ግን ሥዕል መሣል የማይችል ሰው ሥራ ነው እስከማለት ደርሰው ተሳለቁባቸው። ወደ ሸክላ ሥራ ያዘነበለውም በዚህ ጊዜ ነው። ከሞስኮ ውጭ በነበረው የማሞንቶቭ ርስት፣ በአብራምሴቮ፣ በተቋቋመው ወርክሾፕ ውስጥ ምድጃዎችን፣ የግድግዳ ሰሌዳዎችንና ትናንሽ ሐውልቶችን በማጆሊካ ሠራ፤ ማጆሊካ በሚያብረቀርቅ ባለቀለም ልባጥ ተሸፍኖ የሚተኮስ የሸክላ ሥራ ሲሆን፣ ከእሳት ሲወጣ የሚኖረው ቀለም በሠሪው ፈቃድ ሙሉ በሙሉ አይወሰንም፤ ለቭሩቤል ዓይን ይህ ችግር ሳይሆን ጸጋ ነበር። የሩሲያን ጥንታዊ ጀግኖች የሚያሳየው የማጆሊካ ምድጃው በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳልያ አስገኝቶለታል።

በሕዝብ ፊት ከሁሉ የከፋው ውዝግብ የተነሣው በ1896 በኒዥኒ ኖቭጎሮድ በተካሄደው የመላ ሩሲያ የኢንዱስትሪና የጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ቭሩቤል ለኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ሁለት ግዙፍ ሸራዎች እንዲሠራ ታዝዞ አንዱን ከሩሲያ የጀግኖች ተረት፣ ሌላውን፣ «የሕልሟ ልዕልት» የተባለውን፣ ከፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ኤድሞን ሮስታን ሥራ ወስዶ አዘጋጀ፤ የአካዳሚው ዳኞች ግን ሥነ ጥበባዊ ደረጃ የላቸውም ብለው ከአዳራሹ አስወጧቸው። ማሞንቶቭ ነገሩን በዝምታ አላለፈውም፤ ሸራዎቹን በራሱ ገንዘብ ወስዶ ከኤግዚቢሽኑ ቅጥር ውጭ ለእነሱ ብቻ የሚሆን አዳራሽ አሠራ፤ ዳኞቹ ያባረሩትንም ሕዝቡ እየጎረፈ አየው። ከተቺዎቹ መካከል ያኔ በዚያ ለጋዜጣ ይጽፍ የነበረው ወጣቱ ማክሲም ጎርኪ ይገኝበታል። ቁመቱ ሰባት ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 14 ሜትር የሆነው «የሕልሟ ልዕልት» ለአሥርት ዓመታት ተጠቅልሎ ከቆየ በኋላ ዛሬ በሞስኮው የትሬቲያኮቭ ቤተ ሥዕል የቭሩቤል አዳራሽ ውስጥ አንድ ሙሉ ግድግዳ ይዞ ይታያል፤ በማጆሊካ የተሠራው አምሳያውም ከዚያው ከተማ ሳይወጣ የሜትሮፖል ሆቴልን ፊት አስጊጧል።

በዚያው ዓመት ቭሩቤል የኦፔራ ዘፋኟን ናዴዥዳ ዛቤላን በጄኔቭ አገባ። መጀመሪያ የማረከው መልኳ ሳይሆን ጨለማ በነበረ የቲያትር መድረክ ላይ በልምምድ ጊዜ የሰማው ድምፅዋ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ኒኮላይ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ለእሷ ድምፅ ብሎ የሚደርስበት፣ ባሏ ደግሞ የመድረኩን ገጽታና ልብሷን የሚነድፍበት ጊዜ መጣ፤ ደራሲው «የንጉሥ ሳልታን ተረት» የተባለው ኦፔራው በ1900 ሲታይ ዛቤላ የዝይ አምሳያ ባላት ረዥም አንገታም ወፍ፣ በስዋን፣ የተመሰለችውን ልዕልት ሆና ዘፈነች። በዚያው ዓመት የተሣለችው «የስዋን ልዕልት» ግን ከመድረክ ልብሱም ሆነ ከዘፋኟ ፎቶግራፎች ጋር እምብዛም አትመሳሰልም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ጨለማው ባሕር ስትሄድ ለአንድ አፍታ ዞር ብላ የምታይ፣ ክንፏ የት ላይ ጨርቅ፣ የት ላይ ላባ፣ የት ላይ የማዕበል አረፋ እንደሚሆን የማይለይባት ፍጡር ናት፤ ትልልቆቹ ዓይኖቿም እንደገና እነዚያው ናቸው።

ልጃቸው ሳቫ በመስከረም 1901 ከንፈሩ ተሰንጥቆ ተወለደ፤ አባትየውም በዚህ እጅግ አዘነ። በዚያው ክረምት «የወደቀው ጋኔን» በተባለው፣ ወርዱ አራት ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ሸራ ላይ ሌት ተቀን ይሠራ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ተቀምጦ የነበረው አካል አሁን ከበረዷማ ተራሮች መካከል ተጥሎ እንደ ተሰበረ ነገር ተጋድሟል፤ ክንዶቹ ራሱ ላይ ተጣጥፈዋል፤ የፒኮክ ላባ የሚመስሉት ክንፎቹ በሸለቆው ላይ ተበታትነዋል፤ ፊቱ ብቻ ሳይሸነፍ ወደ ተመልካቹ ያያል። በ1902 መጀመሪያ ሥዕሉ በሴንት ፒተርስበርግ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ኤግዚቢሽን ላይ ተሰቅሎ ሳለ እንኳ ቭሩቤል በጠዋት እየመጣ ፊቱን ደግሞ ደጋግሞ ይሥለው ነበር፤ ትናንት ያዩት ሰዎች ዛሬ ሲመለሱ ሌላ ፊት ያገኙ ነበር። በሚያዝያ ወር ሆስፒታል ገባ።

ሕፃኑ ሳቫ በግንቦት 1903 ቭሩቤል እንደ ሠዓሊ በተወለደባት በኪዬቭ ሞተ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በሪጋ፣ በሞስኮና በሴንት ፒተርስበርግ የሕክምና ተቋማት መካከል ያለፉ ናቸው። ሐኪሞች ኋላ ሕመሙን ከሠረጸ የቂጥኝ በሽታ ጋር አያይዘውታል። ይሁንና ሕመሙ እረፍት በሰጠው ጊዜ የሠራቸው ሥራዎች የተዘበራረቁ አይደሉም፤ በ1904 በፓስቴል፣ ማለትም እንደ ጠመኔ ባለ ደረቅ ቀለም፣ በትንሽ ካርቶን ላይ የሣላት «ዕንቁ» የአንድን ዛጎል ውስጠኛ ገጽ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ብልጭታ ንጣፍ በንጣፍ በትዕግሥት የምትከተል ናት፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሐሳቡ የሚበተን ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ሊሠራ አይችልም። በዚያው ዓመት የተሠራው «ባለ ስድስት ክንፉ ሱራፊ» ደግሞ በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ላይ በእሳት ፍም የነቢዩን ከንፈር የሚነካውንና የባለቅኔው ፑሽኪን አንድ ዝነኛ ግጥም የተመሠረተበትን መልአክ የሚያሳይ ነው፤ በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው የሚነድ መብራት ይዞ፣ ዘውድ ደፍቶ፣ ከሸራው ፊት ለፊት ይመጣል። የቅዱስ ቄርሎስ ሐዋርያት የደነገጡለት ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ ፊት አግኝቶ የመጣ ያህል ነው፤ ይህን ሥዕል ከጋኔኖቹ ጎን ያቆመ ተመልካችም የትኛው የወደቀ፣ የትኛው የቆመ መልአክ እንደሆነ በፊታቸው ብቻ መለየት ይቸገራል።

በ1905 ቀድሞ የናቀው አካዳሚ የአካዳሚ አባልነት ማዕረግ ሰጠው። በ1906 መጀመሪያ የሲምቦሊስቱን ባለቅኔ ቫለሪ ብሪዩሶቭን ምስል በሆስፒታሉ ውስጥ ሆኖ ሲሥል ዓይኑ እየደከመ ነበር፤ ሥዕሉ ሳይፈጸም ቀረ፣ ብዙም ሳይቆይ ብርሃኑ ጨርሶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በጨለማ ኖረ፤ እኅቱ አና መጻሕፍት ታነብለት፣ ሚስቱ ትዘፍንለት ነበር። በሚያዝያ 1910 በሳንባ ምች ሞቶ በሴንት ፒተርስበርግ ሲቀበር በመቃብሩ ላይ የተናገረው ባለቅኔው አሌክሳንደር ብሎክ ነበር።

«የወደቀው ጋኔን» ዛሬ በትሬቲያኮቭ ቤተ ሥዕል ይገኛል። ቭሩቤል ክንፎቹ እንደ ሞዛይክ እንዲያበሩ ፈልጎ ከዘይት ቀለሙ ጋር የነሐስ ዱቄት ቀላቅሎ ነበር፤ ዱቄቱ ግን ከጊዜ ጋር እየጠቆረ ስለሄደ በ1902 ያዩት ሰዎች የመሰከሩለት ብልጭታ አሁን በአብዛኛው የለም። በአንጻሩ በኪዬቭ ቅድስት ሶፍያ ካቴድራል ጉልላት ውስጥ ከአራቱ የመላእክት አለቆች አንዱ ብቻ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሞዛይክ ሆኖ ሲተርፍ፣ የጠፉትን ሦስቱን በ1884 በዘይት ቀለም፣ የሞዛይኩን ቁራጭ በብሩሽ እየመሰለ የሞላቸው ያው ቭሩቤል ነው፤ ከወለሉ ሆኖ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው አሮጌውን ከአዲሶቹ ለመለየት ዛሬም ረዘም ላለ ጊዜ ማንጋጠጥ ይኖርበታል።